ደመና ይደብቃል እንጂ አይዋሽም

ጁን 4 ቀን 1769 ጎሕ ሲቀድ፣ በደቡብ ሕንድ ጠረፍ በምትገኘው በፖንዲቼሪ ከተማ አንድ ፈረንሳዊ ከቴሌስኮፑ አጠገብ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ያይ ነበር። ጊዮም ሌዣንቲ ይባላል። ከአገሩ ከወጣ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። ይህን ሁሉ ዘመን ባሕር ለባሕር የተንከራተተው፣ በዚያች ማለዳ ቬኑስ የምትባለው ፕላኔት በፀሐይ ፊት እንደ ጥቁር ነጥብ ሆና ስታልፍ ለማየት ነው። ያለፈው የሜይ ወር ማለዳው ሁሉ ብራ ነበር። በዚያች ሌሊት ግን ሰማዩ ተሸፈነ። ፀሐይ በወጣችበት ሰዓት ከደመና በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ቬኑስ ጉዞዋን ጨርሳ ከፀሐይ ፊት ከወጣች በኋላ ደመናው ተገፈፈ፤ የቀረውም ቀን ብራ ሆኖ ዋለ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት፣ ዓ.ም. የተባሉት ብቻ ሲቀሩ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚተረከው የደመናን ጭካኔ ለማሳየት ነው። ደመና የሰማይ ተመልካች ጠላት መሆኑን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ነገር ግን ደመና ግልጽ ጠላት ነው። ሲመጣ ይታያል፤ የሚያደርገውም መደበቅ ብቻ ነው። ፕላኔቶችን በቴሌስኮፕ የመመልከት የአራት መቶ ዓመት ታሪክ እንደሚያስረዳው ግን፣ ሰውን አብልጦ የጎዳው ደመናው ሳይሆን ጥርት ያለ የሚመስለው ሰማይ ነው። ደመና ይደብቃል እንጂ አይዋሽም። ብራው ሰማይ ግን ያላየነውን ያየን አስመስሎ ሸኝቶናል።

በመጀመሪያ፣ አንድ ሰው ለአንዲት ጥቁር ነጥብ ሲል ስለ ምን ዕድሜውን ያባክናል? በዚያ ዘመን ፕላኔቶች ከፀሐይ ያላቸው ርቀት አንዱ ከሌላው ጋር ሲነጻጸር ይታወቅ ነበር። ለምሳሌ ጁፒተር ከፀሐይ የምትርቀው ምድር ከምትርቀው አምስት እጥፍ ያህል እንደሆነ ታውቋል። የማይታወቀው የአንዱ እጥፍ ልኩ ነው። ካርታው ተሠርቷል፤ መስፈሪያው ግን የለም። እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሃሌ በ1716 መላ ዘየደ። ቬኑስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ በምድር ላይ ተራርቀው የቆሙ ሰዎች የገባችበትንና የወጣችበትን ሰዓት ለክተው ቢያነጻጽሩ፣ ምድር ከፀሐይ ያላትን ርቀት በሒሳብ ማግኘት ይቻላል አለ። ቬኑስ በፀሐይ ፊት የምታልፈው በስምንት ዓመት ልዩነት ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ አትታይም። ሃሌ ያመለከታቸው ዓመታት 1761 እና 1769 ነበሩ። እርሱ ራሱ እንደማይደርስባቸው ያውቅ ነበርና አደራውን ለመጪው ትውልድ አስተላልፎ በ1742 ሞተ።

አደራውን ከተቀበሉት አንዱ ሌዣንቲ ነው። የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባል ሲሆን፣ ማርች 26 ቀን 1760 ብሬስት ከሚባለው ወደብ ተነሥቶ፣ ዛሬ ሞሪሺየስ ወደምትባለው ደሴት ደረሰ። መድረሻው የፈረንሳይ ይዞታ የነበረችው ፖንዲቼሪ ናት። ጊዜው ግን ፈረንሳይና እንግሊዝ በየባሕሩ የሚዋጉበት የሰባቱ ዓመት ጦርነት ነበር። እንደ ምንም የጦር መርከብ አግኝቶ በ1761 ከደሴቲቱ ቢነሣ፣ ወቅታዊው ነፋስ መርከቧን ወዲያና ወዲህ አንገላታት። የሕንድ ጠረፍ ላይ ሲደርሱ ፖንዲቼሪ በእንግሊዞች እጅ መውደቋን ሰሙ፤ የመርከቧም አዛዥ ፊቱን ወደ መጣበት አዞረ። ቬኑስ በፀሐይ ፊት ባለፈችበት በጁን 6 ቀን 1761 ሰማዩ ብራ ነበር። ሌዣንቲ ግን በውቅያኖስ መካከል፣ በሚዋዥቅ መርከብ ላይ ነበር። ቬኑስን አያት፤ ሆኖም የቆመበትን ቦታ በትክክል የማያውቅ፣ ሰዓቱንም በመርከብ ላይ ማስተካከል የማይችል ሰው ያየው ነገር ለሒሳብ አይሆንም።

ይህን ጊዜ ሌላ ሰው ቢሆን ወደ አገሩ በተመለሰ። ሌዣንቲ ግን የሚቀጥለውን ስምንት ዓመት እዚያው ለመጠበቅ ወሰነ። በዚያ ጊዜ የማዳጋስካርን ጠረፍ አጠና፤ ነፋሱንና የባሕሩን ሞገድ መዘገበ። ለሁለተኛው ዕድል ወደ ፊሊፒንስ፣ ወደ ማኒላ ተሻገረ። የስፔኑ አገረ ገዥ ግን በጥርጣሬ ዓይን ስላየው፣ በሰላም ውል ለፈረንሳይ ወደተመለሰችው ወደ ፖንዲቼሪ በ1768 ዞረ። በዚያ መመልከቻ ቤት ተሠራለት። የትናንት ጠላቶቹ እንግሊዞች እንኳ ጥሩ ቴሌስኮፕ አዋሱት። ቀኑ ሲደርስ የሆነውን ከላይ አይተናል። መራራው ነገር፣ ትቷት በመጣት በማኒላ የዚያን ዕለት ሰማዩ ብራ ነበር። ሌዣንቲ ኋላ ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ እንደ ገለጸው፣ ከሁለት ሳምንት በላይ ብዕር ለማንሣት አቅም አጣ። በተቅማጥ በሽታ ታሞ፣ መርከቡ በማዕበል ተሰብሮ፣ በመጨረሻም ከስፔን በየብስ ተጉዞ በኦክቶበር 1771 ፈረንሳይ ገባ። አገሩን ካየ አሥራ አንድ ዓመት ተኩል ሆኖት ነበር። ወራሾቹ ሞቷል ብለው ንብረቱን ሊከፋፈሉ ተነሥተዋል፤ በአካዳሚው የነበረውም ቦታ ለሌላ ተሰጥቷል። ለርስቱ ፍርድ ቤት ተሟገተ። ቆይቶ ግን አካዳሚው ተቀበለው፤ አግብቶ ልጅ ወለደ፤ በ1792 ሞተ።

እስከዚህ ያለው የደመና ሥራ ነው። አሁን ደግሞ ሰማይ ብራ የሆነላቸውን እንይ። በ1761 ከመቶ በላይ ታዛቢዎች በየአህጉሩ ቆመው ቬኑስን አይተዋል። ውጤታቸው ሲሰበሰብ ግን የፀሐይ ርቀት ከ124 ሚሊዮን እስከ 159 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ተበታትኖ ተገኘ። በ1769 ካፒቴን ጄምስ ኩክ በታሂቲ ደሴት ላይ ነበር። ያ ቀን ደመና የሚባል ያልታየበት፣ ሌዣንቲ ዘጠኝ ዓመት የተመኘው ዓይነት ቀን ነው። ሆኖም ኩክና አብሮት የነበረው የሥነ ፈለክ ባለሙያ ቻርልስ ግሪን ጎን ለጎን ቆመው፣ በተመሳሳይ መሣሪያ እያዩ፣ የመዘገቡት ሰዓት በሴኮንዶች ተለያየ። ምክንያቱም ቬኑስ ወደ ፀሐይ ፊት ገብታ ከጠርዙ ልትለይ ስትል፣ ጥቁሯ ክብ ቁርጥ ብላ በመለየት ፈንታ እንደ ተለጠጠ የማር ጠብታ ከጠርዙ ጋር ተያይዛ ቆየች። ታዲያ የተለየችበት ቅጽበት የቱ ነው? እያንዳንዱ ታዛቢ የመሰለውን ጻፈ። ይህ “ጥቁር ጠብታ” የተባለው ክሥተት የሚመጣው፣ የፀሐይ ጠርዝ ከመካከሏ ይልቅ ደብዘዝ ያለ በመሆኑ፣ ቴሌስኮፑ ምስሉን በጥቂቱ በማደብዘዙና የምድር አየር ደግሞ ይህን ድብዘዛ በማባባሱ ነው። የሆነው ሆኖ የ1769ኙ ጥረት ባዶ አልቀረም። ፈረንሳዊው ላላንድ የሁለቱን ጊዜያት ውጤት አዋሕዶ ርቀቱን 153 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል አደረሰው። ትክክለኛው 149.6 ሚሊዮን ነው።

አየሩ ብራ ሆኖ ሳለ እንዴት ያደበዝዛል? በወራጅ ውሃ ሥር የወደቀን ሳንቲም ያየ ሰው መልሱን ያውቃል። ውሃው ንጹሕ ነው፤ ሳንቲሙም አልተነቃነቀም። ነገር ግን ጠርዙ ይርገበገባል፤ ጽሑፉም አይነበብም። እኛም የምንኖረው በአየር ባሕር ወለል ላይ ነው። ሞቃትና ቀዝቃዛ አየር ተቀላቅሎ በሚፈስበት ቦታ ሁሉ ብርሃን ጥቂት በጥቂት ይታጠፋል። በቀትር ከአስፋልት በላይ፣ ወይም ከከሰል ምድጃ በላይ ማዶ ያለው ነገር ሲንቀጠቀጥ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው። ከዋክብት ብልጭ ድርግም የሚሉትም ስለዚህ ነው። ፕላኔት በባዶ ዓይን ሲታይ እንደ ኮከብ ብዙ አይርገበገብም፤ ነጥብ ሳይሆን ትንሽ ክብ ስለሆነ የአንዱ ጥግ መንቀጥቀጥ በሌላው ይካካሳል። በቴሌስኮፕ አጉልተን ስናየው ግን መንቀጥቀጡም አብሮ ይጎላል። የጁፒተር መቀነቶች፣ የሳተርን ቀለበት፣ የማርስ ነጭ ዋልታ በሚፈላ ድስት ውስጥ እንዳለ ነገር ይሆናሉ።

በዚህ ላይ ልማድን የሚቃረን ነገር አለ። ዝናብ ካባራ በኋላ ከዋክብት እንደ ዕንቁ የሚያበሩበት ነፋሻ ሌሊት፣ ፕላኔት ለማየት ብዙ ጊዜ መጥፎ ነው። ስስ ጭጋግ የጋረደው፣ ቅጠል የማይነቃነቅበት ሌሊት ግን የፕላኔቱን መልክ ቁልጭ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ጥራትና ጸጥታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። ልምድ ያለው ተመልካች ፕላኔቱ ከአድማስ ከፍ እስኪል፣ ቴሌስኮፑም በአካባቢው አየር ልክ እስኪቀዘቅዝ ይታገሣል። ከዚያም አንድ ሰዓት አይቶ፣ አየሩ ጸጥ የሚልባቸውን ጥቂት ሴኮንዶች ይለቅማል።

አይዛክ ኒውተን በ1704 ባሳተመው ስለ ብርሃን በጻፈው መጽሐፉ ይህን አስቀድሞ አይቶታል። ቴሌስኮፕ የቱንም ያህል ቢሻሻል የአየሩን መንቀጥቀጥ ሊያስወግድ አይችልምና፣ መድኃኒቱ ከደመና በላይ ባለ የተራራ ራስ ላይ የሚገኝ ጸጥ ያለ አየር እንደሆነ አመለከተ። ምክሩ በተግባር እስኪፈተን አንድ መቶ ኃምሳ ዓመት ያህል ፈጀ። በ1856 የስኮትላንዱ ቻርልስ ፒያዚ ስሚዝ ቴሌስኮፑን ወደ ቴኔሪፍ ደሴት ተራራ አውጥቶ፣ በዚያ ያለው እይታ ከቆላው ምን ያህል እንደሚልቅ አሳየ።

ነገር ግን ብራው ሰማይ ትልቁን ውሸት የዋሸው ከዚያ በኋላ ነው። በ1877 ማርስ ለምድር በቀረበች ጊዜ፣ በሚላኖ የሚኖረው ጆቫኒ ስኪያፓሬሊ በፕላኔቷ ላይ ቀጫጭን መሥመሮች አየሁ አለ። በጣልያንኛ “ካናሊ” ብሎ ጠራቸው፤ ቃሉ ተፈጥሯዊ ሸለቆንም የውሃ መሄጃንም ሊያመለክት ይችላል። ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ ግን በሰው እጅ የተቆፈረ ቦይ ማለት ሆነ። ባለጸጋው አሜሪካዊ ፐርሲቫል ሎዌል በዚህ ሐሳብ ተማርኮ በ1894 በአሪዞና፣ ፍላግስታፍ በምትባል ከፍተኛ ቦታ የራሱን መመልከቻ አቋቋመ። ቦታውን የመረጠው ለአየሩ ጸጥታ ሲል ነበር፤ በዚህ ረገድ ከዘመኑ ሰዎች ቀድሞ ሄዷል። ዳሩ ግን በዚያ ተቀምጦ በመቶ የሚቆጠሩ ቀጥ ያሉ ቦዮች ሣለ። ውሃ እየነጠፈባት ያለች ማርስ፣ ከዋልታዋ የሚቀልጠውን በረዶ በቦይ እየሳቡ የሚያርሱ ብልኅ ፍጡራን እንዳሏት በመጻሕፍትና በንግግር አስተማረ። ዓለምም ሰማው። ልብ ወለድ ተጻፈበት፤ ጋዜጣ ተከራከረበት።

ሎዌል አታላይ አልነበረም። ያየውን ሣለ። ጥያቄው ዓይን በሚርገበገብ አየር ውስጥ ምን ያያል የሚለው ነው። በ1903 የግሪኒቹ ዋልተር ማውንደር ከአንድ የትምህርት ቤት ኃላፊ ጋር ሆኖ ቀላል ሙከራ አደረገ። ቦይ የሌለበት፣ የተበታተኑ ነጠብጣቦችና ጥላዎች ያሉበት የማርስ ሥዕል በክፍል ፊት ሰቅሎ፣ ስለ ማርስ የማያውቁ ልጆች ያዩትን እንዲሥሉ አዘዛቸው። ከሥዕሉ በመጠኑ የራቁት ልጆች ቀጥ ያሉ መሥመሮችን ሣሉ። በግልጽ የማይታይ ነጠብጣብ ሲያጋጥመው አእምሮ ክፍተቱን ባዶ መተው አይወድም፤ አንዱን ከአንዱ አያይዞ መሥመር ይሠራል።

ክርክሩን ያናጋው አንድ ጸጥ ያለ ሌሊት ነው። ኢስታንቡል የተወለደው ግሪካዊው ዩጂን አንቶኒያዲ ቀደም ሲል ራሱ ቦዮችን የሣለ ሰው ነበር። ሴፕቴምበር 20 ቀን 1909 በፓሪስ አጠገብ በሜዶን፣ 83 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ታላቅ ቴሌስኮፕ ማርስን ሲመለከት አየሩ ጨርሶ ጸጥ አለለት። ቦዮቹ አልነበሩም። በምትካቸው ሥርዓት የሌላቸው፣ እንደ ተፈጥሮ የተዘበራረቁ ጥቃቅን ነገሮች ተዘርግተው ታዩት። ሰውየው የራሱን የቀድሞ ሥዕል ክዶ ይህን መሰከረ። ሎዌል ግን በ1916 እስኪሞት ድረስ ከአቋሙ ንቅንቅ አላለም። በጁላይ 1965 ማሪነር 4 የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር በማርስ አጠገብ አልፋ የመጀመሪያዎቹን የቅርብ ሥዕሎች ስትልክ፣ የታዩት በግጭት የተፈጠሩ ጎድጓዳ ቦታዎች እንጂ ቦዮች አልነበሩም።

የሰው ልጅ ከምድር አየር አምልጦ ሲወጣስ ከአየር ጠባይ ተገላገለ? አልተገላገለም። በኖቬምበር 1971 ማሪነር 9 ማርስ ዘንድ ስትደርስ ፕላኔቷ በሙሉ በአቧራ ማዕበል ተሸፍና ነበር። ከምድር የሚሰጣትን ትእዛዝ መቀበል ትችል ስለነበር በዙሪያዋ እየዞረች አቧራው እስኪሰክን ጠበቀች። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ አየሩ ሲጠራ ግዙፎቹን እሳተ ገሞራዎችና ታላቁን ሸለቆ አሳየች። በዚያው ሰሞን የደረሱት የሶቪየት መንኮራኩሮች ግን ሥራቸው አስቀድሞ የተወሰነ በመሆኑ መጠበቅ አልቻሉም። ወደ ማርስ ከጣሏቸው ሁለት መሣሪያዎች አንዱ ተከሰከሰ፤ ሁለተኛው ካረፈ በኋላ ለጥቂት ሴኮንዶች ብቻ መልእክት ልኮ ዝም አለ። መጠበቅ መቻል ራሱን የቻለ መሣሪያ መሆኑን ሌዣንቲ ቢሰማ ባልገረመው።

ዛሬ ከአየሩ ጋር ለመታገል ሁለት መንገዶች ተገኝተዋል። አንደኛው ኒውተን ካለው ተራራም በላይ መውጣት ነው። በ1990 የተተኮሰው ሃብል ቴሌስኮፕ፣ መስተዋቱ ላይ የተገኘው ጉድለት በ1993 ከታረመለት ወዲህ፣ ከአየር በላይ ሆኖ ፕላኔቶችን ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። ሁለተኛው፣ አሜሪካዊው ሆራስ ባብኮክ በ1953 ያቀረበው ሐሳብ ነው። የአየሩን መንቀጥቀጥ በየቅጽበቱ እየለኩ፣ ቀጭን መስተዋትን በሴኮንድ በመቶዎች ጊዜ በማጣመም ምስሉን ማቃናት ይቻላል። ትልልቆቹ የምድር ቴሌስኮፖች ዛሬ ይህን ያደርጋሉ። ደመናን የሚያቃና መስተዋት ግን እስካሁን አልተሠራም።

ይህ ታሪክ ለእኛም ባዕድ አይደለም። ማርስ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ያህል እየቆየች ለምድር ትቀርባለች። በጣም የምትቀርበው ግን በየ15 ወይም በየ17 ዓመቱ፣ ለፀሐይ በምትጠጋበት የመንገዷ ክፍል ላይ ስትገኝ ነው። ምድር በዚያ አቅጣጫ የምታልፈው በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ስለሆነ፣ ታላላቆቹ ቅርበቶች ሁሉ የሚውሉት ከሐምሌ እስከ መስከረም ነው። ማርስ በስልሳ ሺህ ዓመት ያልታየ ቅርበት ያገኘችው ነሐሴ 21 ቀን 1995 ዓ.ም. ነበር። በ2010 ዓ.ም. የቀረበችው በሐምሌ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ማርስ ለጉብኝት የምትመርጠው የእኛን ክረምት ነው። በዚያው ወቅት ፀሐይ ስለምትበረታባት በራሷም ላይ የአቧራ ማዕበል ይነሣል፤ በ2010 ዓ.ም. እንደዚያ ሆኗል። እኛ በደመና፣ እርሷ በአቧራ እንሸፈናለን ማለት ነው።

ቬኑስም መጥታ ሄዳለች። ሰኔ 1 ቀን 1996 ዓ.ም. በአገራችን ሰማይ ላይ በፀሐይ ፊት አልፋለች። ግንቦት 29 ቀን 2004 ዓ.ም. ደግሞ፣ ልክ ለሌዣንቲ እንደ ነበረው፣ ፀሐይ ከእርሷ ጋር ወጣች። ከእንግዲህ የምትመለሰው በ2110 ዓ.ም. ነውና ያለፈው ያመለጠው ሰው ሌላ ዕድል የለውም። እንጦጦ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው መመልከቻ፣ አንድ አንድ ሜትር ስፋት ያላቸው መስተዋቶች የተገጠሙላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። ተራራው ኒውተን የመከረውን ከፍታ ቢሰጥም፣ ከበላዩ የክረምቱ ደመና፣ ከበታቹ የአዲስ አበባ መብራት ይፈትነዋል።

የሚቀጥለው የማርስ ታላቅ ቅርበት የሚውለው በ2028 ዓ.ም.፣ መስከረም በጠባ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ደመናው ገና ያልለቀቀበት፣ ግን ለመልቀቅ የተዘጋጀበት ሰሞን ነው። ሰማዩ ከተሸፈነ፣ በሚቀጥለው ምሽት መመለስ ነው። ብራ ከሆነ ግን፣ ቴሌስኮፑ ላይ ዓይኑን የሚያሳርፍ ሰው የሎዌልን ነገር ያስታውስ፤ የመጀመሪያውን ያየውን ለማመን አይቸኩል።